የሞርሞን ሚስዮናዊ ኑሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ ደረት ላይ ጥቁር የስም ምልክት፣ ጀርባ ላይ ቦርሳ። ሁልጊዜ ሁለት ናቸው። ውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ሁለት እንዲህ ያሉ ልጆች ይኖሩ ነበር። እኔ የእነሱ እምነት ተከታይ አይደለሁም። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት ነገርኳቸው፤ ሰላምታቸውን ግን አላቋረጡም። ደረጃው ላይ በተገናኘን ቁጥር ጥያቄ አበዛባቸው ነበር። ዛሬ ስለነሱ ሳወራ ሰዎች የሚጠይቁኝም ያንኑ እኔ ያኔ የጠየቅኩትን ነው። እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሞርሞን» ስድብ ነው እንዴ?

ስድብ አይደለም። ግን ራሳቸው ብዙም አይወዱትም። ትክክለኛ ስማቸው «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን» ነው። ጆሴፍ ስሚዝ የተባለ ሰው በ1830 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ መሠረታት። ዋና መሥሪያ ቤቷ ዛሬ ዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ቅጽል ስሙ የመጣው ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ከሚያነቡት ከመጽሐፈ ሞርሞን ነው። በ2018 የያኔው ፕሬዚዳንታቸው ራስል ኔልሰን «በሙሉ ስማችን ጥሩን» ብለው አጥብቀው አሳሰቡ። እኔ አጭሩን የምጠቀመው ብዙ አንባቢ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ነው።

ስንት ዓመታቸው ነው? ለስንት ጊዜስ ነው የሚሄዱት?

ወንዶቹ ከ18 ዓመት ጀምሮ ይሄዳሉ፤ ለ24 ወር። ሴቶቹ ለ18 ወር። እስከ 2012 ድረስ የወንዶቹ መነሻ 19፣ የሴቶቹ 21 ነበር። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ ወደ 18 እና 19 ወረደ። ሴቶቹ በኖቬምበር 2025 ከወንዶቹ ጋር እኩል በ18 እንዲጀምሩ ተፈቀደ። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስትም ይሄዳሉ፤ የእነሱ ሕግ ግን ላላ ያለ ነው።

ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። በ2024 መጨረሻ በዓለም ዙሪያ ከ70 ሺህ በላይ ነበሩ።

ስለ ዕድሜ ካነሳን አይቀር፣ ወንዱ ሚስዮናዊ በእንግሊዝኛ «ኤልደር» ነው የሚባለው። በአማርኛ ሲተረጎም «ሽማግሌ»። ጢሙ በቅጡ ያልወጣ የ18 ዓመት ሽማግሌ። ጎረቤቴ ይህን ስነግረው ሳቁ አላባራ አለ። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ባየኝ ቁጥር ወገቡን ይዞ እያነከሰ ይወርድ ነበር። ሴቷ «እህት» ናት። የመጀመሪያ ስማቸውን አይጠቀሙም፤ ምልክቱ ላይ የሚጻፈው የቤተሰብ ስም ነው። አንድ ክፍል ውስጥ አብረው እያደሩ እንኳ «ኤልደር እገሌ» ነው የሚባባሉት።

የሚሄዱበትን አገር ራሳቸው ይመርጣሉ?

አይመርጡም። ልጁ ማመልከቻ ይሞላል፤ የሐኪምና የጥርስ ምርመራ ያደርጋል፤ ከአጥቢያ መሪዎቹ ጋር ቃለ መጠይቅ አለው። ከዚያ ይጠብቃል። ምደባውን የሚወስነው «ሐዋርያት» ከሚባሉት ከቤተክርስቲያኗ 12 ከፍተኛ መሪዎች አንዱ ነው። እምነታቸው ምደባው በጸሎት የሚመጣ ነው ይላል። ድሮ መልሱ በትልቅ ነጭ ፖስታ ይመጣ ነበር። ከ2018 ጀምሮ በኢንተርኔት ሆኗል። ወረቀቱ ቢቀርም ወጉ አልቀረም፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ አንዱ በቪዲዮ እየቀረጸ ነው የሚከፈተው። አንዱ ብራዚል ይደርሰዋል፣ አንዱ ጃፓን። አንዱ ደግሞ ከቤቱ የሦስት ሰዓት መንገድ በመኪና። ይሄኛው ፊቱን ለማሳመር የሚታገለው ትግል ያሳዝናል።

ደመወዝ አላቸው?

የላቸውም። እንዲያውም ከፋዮቹ እነሱ ናቸው። እንደ አሜሪካ ካሉ ሀብታም አገሮች የሚመጣ ሚስዮናዊ ከ2020 ጁላይ ጀምሮ በወር 500 ዶላር ያዋጣል፤ ከዚያ በፊት 400 ነበር። ለወንዱ በሁለት ዓመት 12 ሺህ ዶላር መሆኑ ነው። ውድ ከተማም ተመደበ ርካሽ ገጠር፣ መዋጮው አንድ ነው። ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያጠራቅማሉ፤ የጎደለውን ቤተሰብ ወይም አጥቢያው ይሞላል። አቅም ከሌለው አገር የሚመጡት ይደጎማሉ።

እዚያ ከደረሱ በኋላ ለምግብና ለትራንስፖርት በየወሩ ትንሽ ገንዘብ በካርድ ይገባላቸዋል። ትንሽ ስል ትንሽ ማለቴ ነው። በወሩ የመጨረሻ ሳምንት ጎረቤቶቼ በአውቶቡስ መሄድ ትተው በእግራቸው ሲኳትኑ አያለሁ። የ18 ዓመት ልጅ በጀት ማውጣት የሚማረው እንዲህ ነው፤ በጫማው ሶል።

ቋንቋውን መቼ ተምረው ነው?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ምክንያቱም ልጁ ትናንት ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ በሦስተኛው ወር በሰው ቋንቋ ስለ ነፍስ መዳን ሲያወራ ታገኙታላችሁ።

የማሠልጠኛ ማዕከላት አሏቸው። ትልቁ ዩታ፣ ፕሮቮ ከተማ ነው። ሌሎችም አሉ፤ አክራ፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ማኒላ፣ ሜክሲኮ ሲቲ። ቋንቋ የማይማር ሰው ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ቋንቋ የሚማረው እንደ ቋንቋው ክብደት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሳምንት ይቆያል። ከኮሮና ወዲህ የሥልጠናው መጀመሪያ ከቤት በኢንተርኔት ነው የሚሰጠው። ከ50 በላይ ቋንቋዎች ይሰጣሉ። አስተማሪዎቹ በአብዛኛው ያንኑ ቋንቋ በሚስዮን የተማሩና የተመለሱ ወጣቶች ናቸው።

ዘዴው ጨካኝ ነው፤ ግን ይሠራል። ገና በመጀመሪያው ሳምንት «በል አስተምር» ይባላል። አንድ ሰው እንግዳ መስሎ ፊቱ ይቀመጣል። ልጁ የሚያውቀው ሠላሳ ቃል ነው። በሠላሳ ቃል እግዚአብሔርን ማስረዳት አለበት። ያልበዋል። በማግስቱ በአርባ ቃል ይሞክራል።

ስህተት ደግሞ አለ። በስፔንኛ «ፔካዶ» ኃጢአት ነው፤ «ፔስካዶ» ዓሣ። አንዲት «ስ» ናት የምትለያቸው። ስንቱ ሚስዮናዊ ፊቱን አኮሳትሮ «ዓሣዎቻችሁ ይቅር ይባሉላችኋል» ብሎ ሰብኳል መሰላችሁ። የሰማው ሰው ከሳቀ ግን ግማሹ ሥራ አለቀ። የሳቀ ሰው በሩን አይዘጋም።

ማዕከሉ የሚሰጠው መነሻውን ብቻ ነው። ዋናው ትምህርት አውቶቡስ ውስጥ፣ ሱቅ ውስጥ፣ ከሁሉ በላይ ከሕፃናት ጋር ነው። ታችኛው ፎቅ ያለው ረጅሙ ልጅ ቋንቋውን የለመደው ከአከራያቸው የአምስት ዓመት ልጅ ነው። ሕፃን አያፍርም፤ «ተሳስተሃል» ይልሃል። ችግሩ ልጁ የሕፃን አነጋገር ይዞ መቅረቱ ነበር። ትልልቅ ሰዎችን ሲያናግር አንዳንዴ ድምፁ ራሱ ይቀጥናል።

ቀኑን እንዴት ነው የሚያሳልፉት?

የተለመደው ፕሮግራም ጠዋት በ12፡30 መነሳት፣ ማታ በ4፡30 መተኛት ነው። በየአገሩ ሁኔታ የሚስዮኑ ፕሬዚዳንት፣ ማለትም የአካባቢው ሚስዮናውያን ኃላፊ፣ ትንሽ ሊያሸጋሽገው ይችላል። ከእንቅልፍ ሲነሱ ጸሎት፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ስፖርት። እኔ የማነቃው በእሱ ነበር፤ ወለሉ ሥር ድብ ድብ ይላል። ከቁርስ በኋላ አንድ ሰዓት ለየብቻ ያነባሉ፤ ከዚያ አብረው ያጠናሉ፤ ቋንቋ የሚማር ደግሞ የቋንቋ ጊዜ አለው። አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን ይወጣሉ። ማታ በሦስት ሰዓት አካባቢ ይገባሉ።

በመሃሉ ያለው ነው ሥራው። ቀጠሮ የያዘ ሰው ካለ ቤቱ ሄደው ያስተምራሉ። ከሌለ መንገድ ላይ ሰው ያናግራሉ፤ በር ያንኳኳሉ። አሁን ስልክ ስላላቸው በማኅበራዊ ሚዲያም ሰው ይፈልጋሉ። የታመመ ይጠይቃሉ። ዕቃ ለሚያጓጉዝ ጉልበት ይሆናሉ። በብዙ አገሮች ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት ይሰጣሉ። እሑድ ቤተክርስቲያን ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከአካባቢው ሚስዮናውያን ጋር ይሰበሰባሉ።

የዕረፍት ቀን አላቸው እንዳትሉኝ፤ «የዝግጅት ቀን» ነው የሚባለው። ብዙ ቦታ ሰኞ ይውላል። ልብስ ማጠብ፣ ገበያ መውጣት፣ ፀጉር መቆረጥ፣ ለቤተሰብ መጻፍ፣ ጊዜ ከተረፈ ኳስ መጫወት። ሰኞ ከሰዓት የደረጃችን ብረት ላይ አሥር ነጭ ሸሚዝ ይሰጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት። የማን የትኛው እንደሆነ እንዴት እንደሚለዩት ጠይቄ ነበር። «አንገቱን አይተን» አሉኝ። የአንደኛው ሸሚዝ አንገት ሁልጊዜ ይበላል፤ ስላልለመደው ክራቫቱን ሲነካካ ይውላል።

ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለነሱ ሁሉም ያለቀ ይመስላችኋል። አይደለም። ሰው ቤቱ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሥራ ጨርሶ ጫማውን ሲያወልቅ እነሱ ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ።

ለምን ሁልጊዜ ሁለት ሆነው ይሄዳሉ?

ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ስለላካቸው ነው፤ ማርቆስ ምዕራፍ 6 ላይ አለ። ሌላም ምክንያት አለው። አንዱ ቢታመም ሌላው አለ። አንዱ ቢፈተን ሌላው አለ። አንዱ በሐሰት ቢከሰስ ምስክር አለው።

ሕጉ ግን «አብራችሁ ሂዱ» ብቻ አይልም። ባልደረባህ ከዓይንህና ከጆሮህ አይራቅ ነው የሚለው። አንድ ክፍል ውስጥ ይተኛሉ፤ አልጋቸው ለየብቻ ነው። ሱቅ አብረው፤ ሐኪም ቤት አብረው። ብቻውን የሚሆነው መታጠቢያ ቤት ሲገባ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለተዘጋ በር ነው፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉ የሚከብደው ይሄ ነው። በር ሲዘጋብህ ለአምስት ደቂቃ ያምሃል። ያልመረጥከው ሰው ግን ሲያኝክ፣ ሲያንኮራፋ፣ ሲያዝን፣ ሲዘምር ሌት ተቀን አጠገብህ ነው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሰኞ ማታ ከትምህርት ስመለስ አጭሩ ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ከእናቱ ጋር በስልክ ያወራል። ያለቅሳል። ረጅሙ አራት ደረጃ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ግድግዳውን ያያል። መራቅ አይችልም፤ ሕግ ነው። ስለዚህ ያለውን ሰጠው፣ ጀርባውን። እኔ ልለፍ ብል ሁለቱን መርገጥ ሊኖርብኝ ነው። ወርጄ ውጭ ቆየሁ።

ባልደረባው ባይስማማውስ?

ይችለዋል። የዘላለም አይደለም። በየስድስት ሳምንቱ ዝውውር አለ። የሚስዮኑ ፕሬዚዳንት ማን ከማን ጋር፣ የት እንደሚሆን ይወስናል። አንዳንዱ አይነካም፤ አንዳንዱ ሻንጣውን አስሮ በማግስቱ ሌላ ከተማ ነው። አዲስ መጪ ለመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት አሠልጣኝ ይመደብለታል። አሠልጣኙ ራሱ የ19 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። አዲሱን እርስ በርሳቸው «ግሪኒ» ይሉታል፤ ገና ያልበሰለ እንደማለት።

ጠብ የለም ብትሉኝ አላምንም። የታችኞቹ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲኮራረፉ አውቃለሁ። ነገሩ ሳህን ማጠብ ነበር። ግን ተኮራርፈውም አብረው ነው የወጡት፤ አብረው ነው የገቡት። በየሳምንቱ ተቀምጠው በመካከላቸው ያለውን የሚነጋገሩበት ሰዓት ደግሞ አላቸው፤ ግዴታ ነው። ብዙ ባለትዳር ይህ ሰዓት ቢኖረው አይጠላም።

ምን ምን ተከልክለዋል?

ብዙ ነገር። የፍቅር ጓደኛ መያዝ አይቻልም። ፊልም፣ ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ጌም የለም። ዘፈን የለም፤ መዝሙርና መሰል ሙዚቃ ግን ይፈቀዳል። ዋና መዋኘት አይፈቀድም። ከተመደቡበት ክልል ያለ ፈቃድ መውጣት አይቻልም። አልኮል፣ ትምባሆ፣ ቡናና ሻይ ክልክል ናቸው፤ ይሄ የሚስዮናዊ ብቻ ሳይሆን የመላ አባላቱ ሕግ ነው፤ ከ1833 ጀምሮ «የጥበብ ቃል» ይሉታል። እንግዳ በሚያከብር ቤት የቀረበን ቡና አልጠጣም ማለት ቀላል አይደለም። ባለቤቷ ታዝናለች። ጎበዝ ሚስዮናዊ ከመጀመሪያው «ውሃ ብትሰጭኝ ደስ ይለኛል» ብሎ ቀድሞ ይጠይቃል።

አለባበሱ ከድሮው ላላ ብሏል። ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ሴቶቹ ሱሪ መልበስ ይችላሉ። ከ2020 ወዲህ በአንዳንድ ቦታ ወንዶቹ ሰማያዊ ሸሚዝ ይለብሳሉ፤ ክራቫትም ይቀራል።

ከቤተሰብ ጋር ይገናኛሉ?

አዎ፣ በሳምንት አንዴ በዝግጅት ቀናቸው። በስልክም በቪዲዮም ይችላሉ። ይህ የተፈቀደው በፌብሩዋሪ 2019 ነው። ከዚያ በፊት ድምፅ የሚሰማው በዓመት ሁለቴ ነበር፤ በገናና በእናቶች ቀን። ሌላው ጊዜ ኢሜይል ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ደብዳቤ።

አንዳንድ የድሮ ሚስዮናውያን «አሁን ቀለለ» እያሉ ያጉረመርማሉ። እኔ ቀለለ አልልም። ናፍቆት በየሳምንቱ ሲቀሰቀስ የሚብስበት ሰው አለ። እናት ስክሪኑ ላይ «ከስተሃል» ትላለች፤ ልጁ «አይ፣ ካሜራው ነው» ይላል። ጥሪው ሲያልቅ ማክሰኞን ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ቤት የቀረች ፍቅረኛ ካለች ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሁለት ዓመት ረጅም ነው። «ሌላ ሰው አገኘሁ» የሚል መልእክት የደረሰው ሚስዮናዊ በየቦታው አለ። ሌሎቹ ይቀልዱበታል፤ ማታ ላይ ግን እራቱን ያበስሉለታል።

ሰላዮች ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

ወሬው በብዙ አገር ተወርቷል፤ በተለይ በላቲን አሜሪካ። ምክንያቱ አይጠፋኝም። ፀጉሩን ያሳጠረ፣ ቋንቋህን የሚናገር፣ በየሰፈሩ የሚዞር የአሜሪካ ወጣት ስታይ ትጠረጥራለህ። እኔም በመጀመሪያው ወር ጠርጥሬ ነበር። በኋላ ግን የሳይክላቸውን ቁልፍ በሳምንት ሦስቴ ሲያጡ አየሁ። እንዲህ ያለ ሰላይ የሚልክ መንግሥት ካለ እግዜር ይርዳው።

ከመንግሥታት ጋር ግን ችግር ገጥሟቸው ያውቃል። በጁን 1989 የጋና መንግሥት የቤተክርስቲያኗን እንቅስቃሴ አግዶ የውጭ አገር ሚስዮናውያኑን አስወጣ፤ እገዳው የተነሳው በ1990 ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ነው። ሩሲያ በ2016 የመስበክ ሕጓን ስታጠብቅ እዚያ የነበሩት ከ«ሚስዮናዊ»ነት ወደ «በጎ ፈቃደኛ»ነት ተቀየሩ፤ በር ማንኳኳትም ቀረ። ዋናው ቻይና ውስጥ አይሰብኩም።

አደጋ አያጋጥማቸውም?

ያጋጥማቸዋል። በ1989 ቦሊቪያ፣ ላፓዝ ውስጥ ሁለት ወጣት ሚስዮናውያን በታጣቂዎች ተገድለዋል። በማርች 2016 በብራስልስ አውሮፕላን ማረፊያ በደረሰው ፍንዳታም ሚስዮናውያን ቆስለዋል። በየቀኑ የሚያሰጋቸው ግን መንገዱ ነው። ሳይክል ላይ ሄልሜት ግዴታ ነው። መኪና በሚሰጣቸው አንዳንድ አገሮች «ቲዊ» የምትባል ዕቃ ትገጠማለች፤ ፍጥነት ሲጨምሩ በድምፅ ትቆጣቸዋለች። ውሻ ደግሞ አለ። ስለ ውሻ ያልተረከ ሚስዮናዊ አላጋጠመኝም።

ሴቶቹስ ኑሯቸው የተለየ ነው?

ሥራው አንድ ነው። ልዩነቱ ግዴታው ላይ ነው። ወጣት ወንድ እንዲሄድ ይጠበቅበታል፤ ሴቷ ከፈለገች እንኳን ደህና መጣሽ ትባላለች። ስለዚህ የሄደች ሴት አብዛኛውን ጊዜ ራሷ አስባበት የሄደች ናት፤ ይህ ደግሞ ሥራዋ ላይ ይታያል ይላሉ። ያላገቡ ሴቶች በይፋ ሚስዮናዊ ሆነው መላክ የጀመሩት በ1898 ነው፤ ኢኔዝ ናይትና ጄኒ ብሪምሆል ወደ እንግሊዝ ሄዱ። መንገድ ላይ የሚደርስባቸው ለከፋ ግን ወንዶቹ የማያውቁት ሸክም ነው። የስም ምልክቱ ለካፊን አያስቆምም።

በር ሲዘጋባቸው ምን ይሰማቸዋል?

መጀመሪያ ያፍራሉ። ከዚያ ይናደዳሉ። ከዚያ ይለምዱታል። ረጅሙ ልጅ ማስታወሻ ይዞ ነበር፤ ስንት በር አንኳኳ ሳይሆን እንዴት እንደተዘጋ። «በቀስታ»፣ «በጓ»፣ «ከመጋረጃ ጀርባ እያየችን»፣ «ቲቪውን ድምፁን አጥፍቶ ተደበቀ»። በጣም የሚጎዳው ጓ ያለው አይደለም አለኝ። ሦስት ጊዜ አስገብቶ፣ አብሮ ጸልዮ፣ ለአራተኛው ቀጠሮ ስልክ የማያነሳው ነው።

ታዲያ ቤቴ ቢመጡ ምን ልበል?

ካልፈለጋችሁ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» በቂ ነው። ማባበል አያስፈልግም፤ «ነገ ኑ» ብሎ መደበቅም አያስፈልግም። ሙቀት ከሆነ ውሃ ስጡ።

ልጁ ቢከብደው መመለስ ይችላል?

ይችላል። የሚያስረው የለም። ግን የሚጠብቀውን ሁሉም ያውቀዋል። በሸኚ የሄደ ልጅ በስምንተኛው ወር ሲመለስ አጥቢያው ዝም ይላል። ማንም ክፉ አይናገርም፤ «ምን ሆኖ ነው?» የሚለው ዓይን ግን አለ። ከሚስዮኑ ይልቅ ያ ዓይን የከበዳቸው ብዙ ናቸው።

የሚመለሱበት ምክንያት ብዙ ነው። ሕመም አለ፣ ጉዳት አለ፣ ጭንቀትና ድባቴ አለ፣ እምነቱን የሚጠራጠርም አለ። ቤተክርስቲያኗ ስለ አእምሮ ጤና ከድሮው ይልቅ ትናገራለች። ለሚስዮናውያን ያዘጋጀችው ትንሽ መጽሐፍ ጭንቀትን በአራት ቀለም ይከፍላል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ልጁ ዛሬ የቱ ላይ እንዳለ ራሱን እንዲጠይቅ ነው። አማካሪ የሚያገኙበትም መንገድ አለ። በጤና ምክንያት የተመለሰ ደግሞ ከቤቱ ሳይርቅ በአገልግሎት ሚስዮናዊነት ሊጨርስ ይችላል።

ለቤተሰብ አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ቻለው» የሚለውን ቃል ከመናገራችሁ በፊት መጀመሪያ እንቅልፉን ጠይቁት። እየተኛ ነው ወይ? እየበላ ነው ወይ? ናፍቆትና በሽታ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ናፍቆት ሥራ ሲበዛ ይረሳል፤ በሽታው አይረሳም።

አንድ ቀላል ምሳሌ ደግሞ ታሪክ ሰጥቶናል። በማርች 2020 በኮሮና ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሚስዮናውያን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደየአገራቸው ተመለሱ። ያኔ ያ ዓይን አልነበረም፤ ሁሉም አብሮ ነበር የተመለሰው።

ሲጨርሱስ?

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት አስቸጋሪ ናቸው። ልቡ ሻንጣው ውስጥ የገባን ልጅ «ትራንኪ» ይሉታል። ከዚያ የሚስዮኑ ፕሬዚዳንት ያነጋግሩታል፤ ይሸኛል። ሚስዮናዊነቱ አውሮፕላን ላይ አያልቅም። አገሩ ገብቶ የአካባቢው መሪ በይፋ እስኪያሰናብተው ድረስ ምልክቱን አያወልቅም፤ ሕጉም ይቀጥላል። ብዙዎቹ ሲያወልቁት ያለቅሳሉ። በማግስቱ ያ ሁሉ ፕሮግራም የለም። ዩኒቨርሲቲ ወይም ሥራ ይጠብቃቸዋል፤ ጓደኞቻቸው ሁለት ዓመት ቀድመዋል፤ ስልካቸው ላይ የማያውቁት ዘፈን ይጮኻል። በሁለተኛ ቋንቋቸው ያልማሉ።

ረጅሙ ልጅ ከሄደ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጻፈልኝ። እናቱ ወተት እንዲገዛ ልካው ነበር። መንገዱን ግማሽ ሄዶ ደንግጦ ቆመ። ዞሮ አየ። ከኋላው ማንም የለም። መንገዱ ዳር ቆሞ ጠበቀ፤ ምን እንደሚጠብቅ ያወቀው ቆይቶ ነው።